ጠግበው የተራቡ መንገደኞች

እ.ኤ.አ. በጁን 1861 በአውስትራሊያ መሀል አገር፣ ኩፐር ክሪክ በሚባል ወንዝ ዳር የሰፈሩ ሦስት ሰዎች በየቀኑ ሆዳቸው እስኪሞላ እየበሉ በረሃብ ይሞቱ ነበር። ከሦስቱ አንዱ የ27 ዓመቱ ዊልያም ጆን ዊልስ ነው። ዊልስ ቀያሽና የከዋክብት ጥናት ባለሙያ በመሆኑ የገዛ ሰውነቱንም ልክ እንደ መሬት እየለካ በማስታወሻው አስፍሮታል። ምግቡ ይጥመዋል፣ የመብላት ፍላጎቱም አልጠፋም። እግሩ ግን አልታዘዝ ብሎታል፤ የልብ ምቱ በደቂቃ ወደ 48 ወርዷል፤ ክንዱና ጭኑ ቆዳና አጥንት ሆነዋል። የሚበላው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ምንም ሳይተው ያልፋል።

ከእነሱ ጥቂት ራቅ ብለው በዚያው ወንዝ ዳር ያንድሩዋንዳ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ያንኑ ምግብ ይበሉ ነበር። እነሱ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ማታ ማታም ይጨፍራሉ።

እኔ ሥነ ምግብና የምግብ ዝግጅት አስተማሪ ነኝ። ዊልስና መሪው በርክ አህጉሩን ለማቋረጥ ያደረጉትን ጉዞ ብዙ ሰው ከካርታው በኩል ያነበዋል፤ ስንት ኪሎ ሜትር ተጓዙ፣ የት ደረሱ፣ ማን ተሳሳተ እያለ። እኔ ደግሞ ሙያዬ ሆኖ ከማድ ቤቱ በኩል አነበዋለሁ። ከዚያ በኩል ሲታይ ይህ ጉዞ አንድን ምግብ አግኝቶ መብላትና ምግቡን ማወቅ ምን ያህል የተራራቁ ነገሮች እንደሆኑ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወርቅና እሽቅድምድም

እንግሊዞች በ1788 በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ዳርቻ ከሰፈሩ በኋላ ለብዙ ዘመን ከባሕሩ ጠረፍ ብዙም አልራቁም። የአህጉሩ መሀል በካርታቸው ላይ ነጭ ወረቀት ነበር። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ መሀሉ ላይ ትልቅ ባሕር አለ ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ቻርለስ ስተርት የተባለው አሳሽ በ1844 ከአዴሌድ ሲነሳ ጀልባ በሠረገላ ጭኖ ነበር። ያገኘው ግን ድንጋይና የአሸዋ ክምር ነው። ድርቁ መውጫ አሳጥቶት በአንድ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ለስድስት ወር ያህል ታግቶ ከረመ። በ1845 ላይ አንድ ወንዝ አገኘና ኩፐር ብሎ ሰየመው።

ወረቀቱ ላይ ባዶ የነበረው አገር መሬቱ ላይ ባዶ አልነበረም። በአስር ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሰው የኖረበት ምድር ነው። ለማኘክ የሚፈለገው ፒቱሪ የተባለ ቅጠልና ለሥርዓተ በዓል የሚቀቡት ቀይ አፈር በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ይነገድበት ነበር። የውሃው ቦታ ሁሉ ስም አለው፤ ባለቤትም አለው። ሲራራ ነጋዴዎቻችን ከጎንደር እስከ መተማ ያለውን ማደሪያና ምንጭ በቃላቸው ይዘው ይሄዱ እንደነበረው፣ የዚያ አገር ሰዎችም መንገዳቸውን በቃል ያውቁ ነበር።

በ1851 ቪክቶሪያ ውስጥ ወርቅ ተገኘ። ሜልበርን በጥቂት ዓመት ውስጥ ሀብታም ከተማ ሆነች፤ ሀብታም ከተማ ደግሞ ስም ያምራታል። ጎረቤቷ ደቡብ አውስትራሊያ አህጉሩን ከደቡብ ወደ ሰሜን ላቋረጠ ሰው 2,000 ፓውንድ ሽልማት አዘጋጅታ ነበር። ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት የተባለ ትዕግሥተኛ አሳሽም በጥቂት ሰውና በፈረስ እየተመላለሰ ወደ መሀሉ እየገፋ ነበር። የቪክቶሪያ ሮያል ሶሳይቲ እንዳይቀደም የራሱን ጉዞ አዘጋጀ። መሪ አድርጎ የመረጠው ሮበርት ኦሃራ በርክን ነው። በርክ አየርላንድ ተወልዶ በኦስትሪያ ጦር ውስጥ በመኮንንነት ያገለገለ፣ በኋላም በአንድ የወርቅ ማውጫ ከተማ የፖሊስ አዛዥ የነበረ ሰው ነው። ደፋርነቱን ማንም አይጠራጠርም፤ በረሃ ግን አያውቅም።

ሃያ ቶን ጓዝ

ጉዞው ኦገስት 20 ቀን 1860 ከሜልበርን ሮያል ፓርክ ሲነሳ 15,000 ያህል ሕዝብ ወጥቶ ሸኘው። 19 ሰዎች፣ 23 ፈረሶች፣ 26 ግመሎችና 6 ሠረገላዎች ነበሩ። ጓዙ ወደ 20 ቶን ይጠጋል። ዝርዝሩን ያየ ሰው ይደነቃል፤ የዝግባ ገበታ ያለው ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ፣ የምልክት ርችት፣ የቻይና ደወል፣ ለግመሎቹ ብርታት ይሰጣል የተባለ 270 ሊትር ያህል ሩም። መንገድ ላይ እየታረደ የሚበላ ከብት ከመንዳት ይልቅ የደረቀ ሥጋ መጫን ስለተመረጠ፣ ሥጋው ብቻውን ተጨማሪ ሠረገላዎች ጠየቀ።

ግመሎቹን ከሕንድ ያስመጣው ጆርጅ ላንደልስ ሲሆን ከእነሱ ጋር የሚያውቋቸው ግመል ነጂዎችም መጥተዋል። ከነጂዎቹ አንዱ ሳምላ ይባላል፤ የሂንዱ እምነት ተከታይ ነው። የጉዞው ስንቅ የበሬ ሥጋ በመሆኑ ሊበላው አልቻለም፤ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ አሰናብቱኝ ብሎ ተመለሰ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ለክፍሌ ስለዚህ ጉዞ ስናገር ከሳምላ እጀምራለሁ። ለግመል ሩም ያሰበ ኮሚቴ ግመሉን የሚነዳው ሰው ምን እንደሚበላ አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የዚህ ያለመጠየቅ ልጅ ነው።

ሩሙም ጠብ አመጣ። የበግ ጸጉር ሸላቾች አግኝተውት ሰከሩ፤ በርክ ሩሙ ይቅር አለ፤ ላንደልስ ተቀይሞ ሥራውን ለቀቀ። ዊልስ ምክትል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሜኒንዲ የምትባለው የዳርቻ መንደር ለመድረስ ሁለት ወር ገደማ ፈጀባቸው፤ የፖስታ ሠረገላ ያንን መንገድ በአንድ ሳምንት ከምናምን ይጨርሰው ነበር። በርክ ትዕግሥቱ አለቀ። ጓዙንና ሰዉን ለሁለት ከፍሎ ከቀላሉ ክፍል ጋር ወደ ኩፐር ክሪክ ገሰገሰ፤ የቀረውን እንዲያመጣ ዊልያም ራይት የተባለ የአካባቢውን ሰው ቀጥሮ ወደ ኋላ ሰደደው። ራይት እስከሚቀጥለው ጃንዋሪ መጨረሻ ድረስ ከሜኒንዲ አልተነሳም።

ወደ ሰሜን

ኖቬምበር 11 ቀን ኩፐር ደረሱ። እዚያ የስንቅ ማኖሪያ ሰፈር መሠረቱ። ዲሴምበር 16 ቀን ደግሞ በርክ ሦስት ሰዎች መርጦ ተነሳ፤ ዊልስ፣ ጆን ኪንግና ቻርለስ ግሬይ። ኪንግ በሕንድ በወታደርነት የኖረ፣ ከግመሎቹ ጋር የመጣ ወጣት አየርላንዳዊ ነው። ስድስት ግመልና ቢሊ የተባለ አንድ ፈረስ፣ የሦስት ወር ስንቅም ያዙ። የሰፈሩ ጠባቂ ዊልያም ብራሄ ሦስት ወር እንዲጠብቃቸው ታዘዘ፤ ዊልስ ለብቻው ጠርቶ አራት ወር ጠብቀን ብሎ ለመነው።

ዲሴምበርና ጃንዋሪ በዚያ አገር የበጋው ልብ ነው፤ በዚያ ወራት የሙቀት መለኪያው ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በዚያ ላይ ወደ ሰሜን በቀረቡ ቁጥር ዝናቡ መጣ፤ መሬቱ ረግረግ ሆነ፤ ግመሎቹ በጭቃው ተያዙ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1861 በርክና ዊልስ ከካርፔንታሪያ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ደረሱ። የወንዙ ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ ሲሞላና ሲጎድልም ያዩታል። ባሕሩን ራሱን ግን አላዩትም፤ በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ጫካ ጋረዳቸው። በመጡበት ዞሩ።

ከሦስት ወር ስንቅ ሁለት ሦስተኛው አልቆ ነበር። መመለሻው የመጫኛ እንስሳን መብያ ሆነ፤ ግመሎቹን እየገደሉ ሥጋውን ያደርቃሉ፤ ኤፕሪል 10 ቀን ቢሊ ተራው ደረሰ። ግሬይ ዱቄት ሰርቆ ለብቻው ሲበላ ተያዘና በርክ መታው። አመመኝ ሲል አስመሳይ ተባለ፤ ኤፕሪል 17 ቀን ሞተ። የቀሩት ሦስቱ አካፋ ለማንሳት አቅም ስላልነበራቸው እሱን ለመቅበር አንድ ቀን ሙሉ ፈጀባቸው።

ያች አንድ ቀን ዋጋዋ በኋላ ታወቀ። ኤፕሪል 21 ቀን ማታ፣ ከአራት ወር በላይ ተጉዘው ሰፈራቸው ሲደርሱ ሰው የለም። ብራሄ ከቀጠሮው ከአንድ ወር በላይ ጠብቆ፣ ከሰዎቹ አንዱ ክፉኛ ስለታመመበት በዚያው ዕለት ጠዋት ጭኖ ሄዷል። በመካከላቸው የነበረው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ብራሄ በዚያች ሌሊት ያደረው ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ነበር።

በወንዙ ዳር አንድ ኩሊባ የሚባል ዛፍ አለ፤ እኛ ከአውስትራሊያ አምጥተን ተራሮቻችንን ያለበስነው የባሕር ዛፍ ዘመድ ነው። ግንዱ ላይ ሰፈሩ የቆመበትና የተነሳበት ቀን፣ ከዚያም “ቆፍር” የሚል ቃል ተቀርጿል። ቆፍረው ዱቄት፣ አጃ፣ ስኳርና የደረቀ ሥጋ አገኙ። ዛፉ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ጎብኚም አያጣም።

ሜኒንዲ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በርክ ግን ማውንት ሆፕለስ ወደሚባለው አካባቢ፣ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው የከብት ርባታ ጣቢያ እንሂድ አለ። ደብዳቤ ጽፈው ጉድጓዱ ውስጥ ቀበሩና እንደነበረ ደፈኑት፤ ዛፉ ላይ አዲስ ምልክት ግን አልጨመሩም። ሜይ 8 ቀን ብራሄና ራይት ተመልሰው መጡ። ጉድጓዱን አዩት፤ የተነካ አልመሰላቸውም፤ ሳይቆፍሩ ተመለሱ። በርክና ጓደኞቹ ያን ጊዜ በዚያው ወንዝ ላይ ጥቂት ወረድ ብለው ነበሩ። ከቀሯቸው ሁለት ግመሎች አንዱ ረግረግ ውስጥ ሰምጦ ሞቷል፤ ሁለተኛውም ብዙ አልቆየ። ያለ ግመል ውሃ መሸከም አይቻልም፤ ያለ ውሃ ደግሞ ከወንዙ መራቅ አይቻልም። ወንዙ እስር ቤታቸው ሆነ።

የወንዙ ባለቤቶች

እስር ቤት ያልኩት ለእነሱ ነው። ለያንድሩዋንዳ ሰዎች ቤት ነው። ኩፐር በዓሣ የታወቀ ወንዝ ነው፤ ዛጎል አለው፣ ወፍ አለው፣ ከጎርፍ በኋላ የሚበቅል ብዙ ዓይነት ተክል አለው። ሰዎቹ መንገደኞቹን ሲያዩ ዓሣ ሰጧቸው፤ የሰቡ አይጦች ጠብሰው አቀረቡላቸው፤ ናርዱ ከሚባል ነገር የተጋገረ ቂጣም አበሏቸው። ዊልስ ለብቻው ወደ እነሱ ሰፈር በሄደ ጊዜ መኝታና እራት አዘጋጅተው ተቀብለውታል።

በርክ ይህን ወዳጅነት አልወደደውም። ካስለመድናቸው ከሰፈራችን አይጠፉም ብሎ ፈራ። አንድ ቀን መረብ ሙሉ ዓሣ ይዘው ሲመጡ እጃቸውን እየመታ አስጣላቸው፤ ኪንግን ተኩስ ብሎም አዘዘው። ኪንግ ይህን በኋላ ራሱ መስክሯል። ሰዎቹ ሸሹ። እኔ ያደግሁበት አገር ላይ የመጣ እንግዳ እንጀራ የያዘ እጅ ቢመታ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል። እነዚያ ሰዎች ያደረጉት መራቅ ብቻ ነው።

ሦስቱ መንገደኞች ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ናርዱ መለሱ። ሜይ 17 ቀን ኪንግ ተክሉን ራሱ ሜዳ ላይ አገኘው። አሁን የማንም እጅ ጠባቂ አይደለንም፣ ምግቡን እኛው ለቅመን እኛው ፈጭተን እንበላለን ብለው አሰቡ። ተስፋቸው ለመለመ።

ናርዱ ምንድን ነው?

ናርዱ አበባ የማያወጣ የውሃ ዳር ተክል ነው፤ የሳይንስ ስሙ ማርሲሊያ ድራሞንዲ ይባላል። አራት ቅጠሎቹ ማገጥ ይመስላሉ። ጎርፍ የተኛበት መሬት ላይ ይነሳና ውሃው ሲደርቅ ተክሉ ይጠወልጋል፤ መሬቱ ላይ ግን ጥቋቁር ጠንካራ ፍሬ መሰል ነገሮች ይቀራሉ። እነሱን እየጠረጉ ለቅመው በድንጋይ ወፍጮ ይፈጯቸዋል። ለብዙ ጊዜ ስለማይበላሹ ሌላ ምግብ በሚጠፋበት ወቅት የሚያሻግሩ ናቸው።

ተክሉ ታያሚኔዝ የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ሥራው ቫይታሚን ቢ1ን መሰባበር ነው። ቢ1 በሰውነታችን ውስጥ እህሉን ወደ ጉልበት ለመለወጥ የግድ ያስፈልጋል። ቢ1 ከጠፋ ሰው የበላው አይጠቅመውም፤ መጀመሪያ እግር ይዝላል፤ ነርቭ ይጎዳል፤ ልብ ይደክማል። በሽታው ቤሪቤሪ ይባላል። በ1994 ኧርልና ማክሊሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የዊልስን ምልክቶች ከዚህ ጋር አያይዘው ጻፉ። ድካሙ፣ ብርዱ፣ የቅባትና የትኩስ አትክልት እጦቱ እንዳለ ሆኖ፣ ጠግቦ መክሳቱን በደንብ የሚያስረዳው ይህ ነው።

ታዲያ ያንድሩዋንዳ ሰዎች ለምን አልታመሙም? መልሱ ሴቶቹ እጅ ላይ ነው። ናርዱን የሚለቅሙትም የሚፈጩትም ሴቶች ነበሩ። ሲፈጩ ብዙ ውሃ ያርከፈክፉበታል፤ ዱቄቱ ሳይሆን ቀጭን ሊጥ ነው ከመጁ ሥር የሚወርደው። ሊጡን በረመጥ ይጋግሩታል፤ ቀጭኑን ደግሞ በዛጎል ቅርፊት እየጨለፉ ይጠጡታል። ተመራማሪዎቹ እንዳመለከቱት ውሃው ጎጂውን ነገር ያቀጥነዋል፤ እሳቱም የራሱን ያግዛል። ዛጎሉ እንኳ ሥራ አለው፤ በቅጠል ቢጠጣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ነገር የጉዳቱን ሂደት ሊያፋጥነው ይችላል።

መንገደኞቹ ግን ደረቁን ፈጭተው ዱቄቱን በውሃ አቀላቅለው ይበሉት እንደነበር ነው በብዛት የሚነገረው። በዚያ ላይ ናርዱን ብቻ። ለባለአገሮቹ ናርዱ ከዓሣው፣ ከዛጎሉና ከወፉ ጋር ከሚበሉት ብዙ ነገር አንዱ ነው። ሦስቱ ግን ጥዋትም ማታም እሱን ነው የሚበሉት። ጉልበታቸው ሲያልቅ ይበልጥ ፈጩ፤ ይበልጥ በሉ፤ ይበልጥ ደከሙ።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ሴቶቹ ሲፈጩ መንገደኞቹ አይተዋቸዋል። የውሃው መርከፍከፍ ግን ሥራ ሆኖ አልታያቸውም።

የጓያ አገር ልጅ

ይህን የማስረዳው ደንቢያ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ይቀለኛል። ደንቢያ የጓያ አገር ነው። ዝናብ ሲቀር ሽንብራው ይጠፋል፣ ጤፉ ይጠፋል፤ ጓያ ግን አይጠፋም፤ ድርቁንም ረግረጉንም ይችላል። ድሃ የሚያተርፈው እሱ ነው። በዚያው ጓያ ምክንያት ደግሞ ሁለት ምርኩዝ ይዘው የሚሄዱ ጎልማሶች በየሰፈሩ ነበሩ። ጓያ ኦዳፕ የሚባል መርዛማ ነገር አለው፤ ለሁለትና ሦስት ወር ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ሽባነቱም አይመለስም። ከናርዱ ጋር መንገዱ ይለያያል፤ ናርዱ ቫይታሚን ይሰብራል፣ ጓያ ነርቭን ራሱን ይመታል። ሁለቱም ግን የክፉ ቀን ምግብ ናቸው፤ ሁለቱም የሚገዙት በሙያ ነው።

አያቴ ጓያን ከማታው ዘፍዝፈው ያሳድሩና ውሃውን አርቀው ይደፉት ነበር፤ ዶሮ እንኳ እንዳይጠጣው ይሉ ነበር። ከዚያ አድርቀው ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር ያስፈጩታል። እኛ ልጆች እርሻ ውስጥ ገብተን እሸቱን ስንበላ ካገኙን አለንጋ ነበር። ኦዳፕ የሚለውን ስም ሰምተው አያውቁም። ቤተ ሙከራዎች በኋላ ያረጋገጡት ግን አብዛኛው እሳቸው የሚሉትን ነው፤ መርዙ በውሃ ይወጣል፤ ከእህል ጋር ሲቀላቀልና ሲቦካ አደጋው ይቀንሳል፤ እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው ደግሞ አደጋውን ይጨምራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ደንቢያ ውስጥ ጓያ የሰበራቸው ሰዎች ሙያው ስላልነበራቸው ብቻ አይደለም የተጎዱት። በክፉ ዓመት የሚቀላቀል ገብስ አይኖርም፤ ውሃ ሩቅ ከሆነ ለመዘፍዘፊያ የሚተርፍ የለም። ሙያም የሚሠራበትን ነገር ይፈልጋል። በርክና ጓደኞቹ ግን ውሃው አጠገባቸው፣ ዓሣው እወንዙ ውስጥ፣ ባለሙያዎቹ ጎረቤታቸው ነበሩ።

የተረፈው

በጁን መጨረሻ ዊልስ መነሳት አቃተው። በርክና ኪንግ ናርዱ አጠገቡ አኑረውለት የሸሿቸውን ሰዎች ፍለጋ ሄዱ። ፊታቸውን መልሰው ወደ ያንድሩዋንዳ ያዞሩት ያን ጊዜ ነው፤ ዘግይቷል። በርክ ሁለት ቀን ያህል ተጉዞ ወደቀ። ኪንግን እስክሞት አጠገቤ ሁን፣ ሽጉጤን በእጄ አስይዘኝ፣ አትቅበረኝ አለው። ኪንግ ወደ ዊልስ ሲመለስ እሱም ሞቶ አገኘው።

ኪንግ ብቻውን ቀረ። ሰዎቹን ፈልጎ አገኛቸው፤ አብሬያችሁ ልኑር አለ። መጀመሪያ ብዙም አልተደሰቱበትም። እሱ ግን ባለው ነገር ራሱን ጠቃሚ አደረገ፤ በጠመንጃው ወፍ እየመታ ሰጣቸው። አንዲት ሴት ክንዷ ቆስሎ ነበር፤ በሙቅ ውሃ አጥቦ መድኃኒት አደረገላት። ከዚያ ወዲያ እሷና ባሏ በየቀኑ ናርዱና ዓሣ ያመጡለት፣ ሰፈር ሲቀይሩ ጎጆ ይሠሩለት ጀመር። የበርክን ሬሳ እንዲያሳያቸው ጠየቁት፤ ሲያዩት አልቅሰው በቅጠልና በቅርንጫፍ ሸፈኑት። ተኩስ ላዘዘባቸው ሰው።

ኪንግም ናርዱ በልቷል። የእሱ ግን በሴቶች እጅ የተዘጋጀ ነው፤ ዓሣም አብሮት አለ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1861 አልፍሬድ ሃዊት የመራው የፍለጋ ቡድን ሲያገኘው ከስቶ፣ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ልብሱ ተቀዳዶ ነበር። ነርቩ የተጎዳው ጉዳት አልለቀቀውም፤ ጤናው ሳይመለስ በ1872 ሞተ። ሆኖም ወደ ባሕረ ሰላጤው ከሄዱት አራት ሰዎች ሜልበርን በሕይወት የገባው እሱ ብቻ ነው። በጠቅላላው ጉዞው የሰባት ሰው ሕይወት ጠይቋል። ከእነዚህ ውስጥ ዘግይቶ በተነሳው በራይት ቡድን የነበረው ጀርመናዊው ሰዓሊና የተፈጥሮ ተመራማሪ ሉድዊግ ቤከር ይገኝበታል።

ሜልበርን በጃንዋሪ 1863 በርክንና ዊልስን በታላቅ የመንግሥት ሥርዓት ቀበረች፤ በ1865 ሐውልት አቆመችላቸው። ለያንድሩዋንዳ ሰዎች ስኳርና ሌላ ስጦታ፣ ኋላም ምስጋና የተቀረጸበት የደረት ሜዳሊያ ተሰጣቸው። ትልቁ ውለታ የተመለሰው ግን በሌላ መንገድ ነው። የፍለጋ ቡድኖቹ አገሩን እየዞሩ ስላዩት የከብት ባለቤቶች በጥቂት ዓመት ውስጥ ተከትለው ገቡ። ከብቱ የውሃውን ጉድጓድ አደፈረሰ፤ የናርዱንም ሜዳ ረገጠ። መንገደኞቹን ያበላው ማድ ቤት የፈረሰው በዚህ ሁኔታ ነው።

ስቱዋርት በበኩሉ በጁላይ 1862 ሰሜናዊውን ባሕር ነክቶ በሕይወት ተመለሰ። የቴሌግራፍ መስመር በ1872 አህጉሩን ያቋረጠው በአመዛኙ የእሱን መንገድ ተከትሎ ነው። ከበርክ ጉዞ ጋር ሲነጻጸር ጓዙ ኢምንት ነበር። በየዓመቱ ትንሽ እየገፋ፣ ውሃ ያለበትን እያጠና፣ ሲያቅተው እየተመለሰ ነው የጨረሰው።

ምን እንመዝግብ?

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚለው ተረታችን እዚህ ይሠራል፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። ኪንግ የዚያ አገር በሬ አልነበረም። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ ከእጃቸው እየተቀበለ፣ የራሱንም እየሰጠ ነው የተረፈው። ልዩነቱ የትውልድ ቦታ ሳይሆን የአቀማመጥ ነው።

ዛሬ በአገራችን የክፉ ቀን ምግቦችን የሚመዘግቡ ጥናቶች ይሠራሉ። ተማሪዎቼም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ ገጠር ይወርዳሉ። የሚያመጡልኝ ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ የተክሉን የአካባቢ ስም፣ የሳይንስ ስሙን፣ የሚበላውን ክፍልና የሚበላበትን ወር ይዟል። ያ ሠንጠረዥ በርክ እጅ ቢገባ ኖሮ አያድነውም ነበር፤ ተክሉን፣ የሚበላውን ክፍልና ወሩን እሱም ያውቅ ነበርና። ስለዚህ ሠንጠረዡን እመልስላቸውና ሌሎች አምዶች እንዲጨምሩ አዛለሁ። ስንት ጊዜ ይታጠባል? ውሃው የት ይደፋል? ከምን ጋር ይበላል፣ ለስንት ቀን ተከታትሎ? ለማን ይከለከላል? በምን ዕቃ ይቀርባል? ከሁሉ በላይ ደግሞ መልሱን ከቤቱ አባወራ ሳይሆን ወፍጮው አጠገብ ካለችው እንዲቀበሉ፣ ከቻሉም አብረዋት እንዲፈጩ። አንዳንዶቹ ይህ የሳይንስ ሥራ አይመስላቸውም፤ ያጉረመርማሉ። እኔ ግን እነዚህ አምዶች ሳይሞሉ አንድም ጽሑፍ አልፈርምም።